የተጠገነው ሰደፍ ዋጋ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስቡ ሰዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ኢትዮጵያዊ» የሚሉት ዕቃ አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ አይደለም። ከጣሊያን ብሬሻና ቴርኒ፣ ከፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን፣ ከቤልጅግ ኤርስታል ፋብሪካዎች የወጣ፣ ዕድሜውን ግን እኛ ዘንድ የፈጀ ጠመንጃ ነው። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለ አሜሪካዊ አስመጪ በፈረንጆቹ 2010ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ክምችት የወጡ መሣሪያዎችን በብዛት ማስገባትና መሸጥ ጀመረ። የጣሊያኑ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የፈረንሳዩ ውጅግራና ለበል፣ የቤልጅጉ ማውዘር ተራ በተራ ገበያ ወጣ። አንዳንዱ የሚሸጠው በጥቂት መቶ ዶላር ነው።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ «ማን ሸጠው? ለምንስ ተሸጠ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን ከሽያጩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው። የሰብሳቢው ገበያ ለአንድ ጠመንጃ ዋጋ የሚያወጣበት መንገድ፣ ያ ጠመንጃ ኢትዮጵያ ውስጥ የደረሰበትን ነገር ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ታሪኩ ያለው ደግሞ እዚያው ጉድለት የተባለው ላይ ነው።

የገበያው ሕግ ቀላል ነው። ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ እንደነበረ ቢሆን ይመረጣል። አፈሙዙ፣ መቆለፊያው፣ ሰደፉ ሁሉም አንድ ቁጥር ይያዙ፤ እንጨቱ ያልተፋቀ፣ ብረቱ ያልተወለወለ ይሁን፤ የፋብሪካው ማኅተም ይነበብ። በዚህ መስፈርት ከኢትዮጵያ የሄደው ጠመንጃ መጨረሻ ላይ የሚሰለፍ ነው። መቆለፊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። የተሰነጠቀው ሰደፍ በቆርቆሮ ተለብጧል፣ በሽቦ ተጠፍሯል፣ ወይም እርጥብ ቆዳ ተሰፍቶበት ሲደርቅ እንጨቱን አንቆ እንዲይዝ ተደርጓል። የጠፋው ማነጣጠሪያ ቦታ ላይ ባላገር ቀጥቃጭ የሠራው ጉጥ ተበይዷል። የናስ ምስማር የተደረደረበት፣ መስቀል የተቀረጸበት፣ የአማርኛ ፊደል የተመታበትም አለ። የጀርመንን ወይም የስዊድንን ጠመንጃ ለሚሰበስብ ሰው ይህ ሁሉ ዋጋ የሚቀንስ ነው። ጠመንጃው በማን እጅ፣ በምን ችግር፣ ስንት ትውልድ እንደኖረ የሚናገረው ግን ይኸው ብቻ ነው፤ የፋብሪካው ማኅተም ስለዚህ አንዳች አይነግረንም።

መሣሪያዎቹ እኛ ዘንድ እንዴት እንደደረሱ ማስታወስ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሲገቡም አዲስ አልነበሩም። የኢትዮጵያ የጠመንጃ ታሪክ ሌላው የጣለውን የማንሳት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የናፒየር ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርስ የያዘው ሰናድር የተባለ ጠመንጃ ያኔ የመጨረሻው ዘመናዊ መሣሪያ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰናድር የተስፋፋው እንግሊዞች ራሳቸው ትተውት ወደ ሌላ ከተሻገሩ በኋላ ነው። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ሲያሸንፉ የማረኩት ሬሚንግተን ለዘመኑ ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ የተገኘው ግን በግዢ ሳይሆን በደም ነው። ፈረንሳይ በለበል መታጠቅ ስትጀምር ከጦሯ እጅ የወጣው ውጅግራ ነጋዴ እየጫነው በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ጎረፈ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ወደ ምኒልክ የመጣው በዚሁ ንግድ ነው። ያመጣው በጊዜውም ቢሆን ያረጀ ዕቃ ነበር፤ ምኒልክም የሟች ሸሪኩን ዕዳ አንስተው ዋጋውን ቆርጠው ከፈሉት። አውሮፓዊው ነጋዴ አፍሪካዊውን ንጉሥ አታለለ የሚለው የተለመደ ተረት እዚህ ላይ አይሠራም።

የቬተርሊው ጉዳይ ከሁሉም ይገርማል። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያን ከምኒልክ ጋር በተዋዋለችው ውል አምስት ሺህ ሬሚንግተን ልትሰጥ ቃል ገባች። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተከተለ፤ ገንዘቡ በአብዛኛው ለመሣሪያ የሚውል ነበር። በ1885 ዓ.ም. ጣሊያን ምኒልክን ለማለዘብ ሁለት ሚሊዮን ጥይት ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፤ ወዲያው ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አድዋ ላይ የጣሊያን ጦር የተሰለፈው አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን አሮጌውን ቬተርሊ ይዞ ነው፤ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ወታደር ከአስካሪው ጋር አንድ ዓይነት ጥይት እንዲጠቀም ታስቦ፣ የተከማቸውም ጥይት እንዲያልቅ ተብሎ። ስለዚህ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ቬተርሊውን የማረከው ወገን ከጣሊያን እጅ አስቀድሞ ጥይት የተቀበለ ነበር። ዛሬ አሜሪካ በሚሸጥ ቬተርሊ ላይ የብሬሻ ወይም የቶሬ አኑንዚያታ ፋብሪካ ማኅተም ሲታይ፣ ያ ጠመንጃ በብድር የመጣ ይሁን በስጦታ፣ በኮንትሮባንድ ይሁን በምርኮ ማኅተሙ አይለይም። የሚለይ ምልክት ካለ ቀጥሎ የያዘው ሰው ያደረገበት ነው።

ጠመንጃ ያን ጊዜ መሣሪያ ብቻ አልነበረም። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር እንደ ገንዘብ በገበያ ይመነዘር ነበር። የጠመንጃው ዋጋ የሚከፈለው በብዛት በዝሆን ጥርስ ነበር፤ ዝሆኑም የሚገደለው በዚያው ጠመንጃ ነው። ይህ አዙሪት ካፋንና ማጂን ባንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከዝሆን አራቆታቸው። የጥንቱ አዳኝ በጦር የገደለውን በፎከረበት አገር፣ ባለጠመንጃው አዳኝ በቁጥር እየመጣ ፉከራውን አረከሰው ብል እደፍራለሁ። ከውጭ የመጣው አዳኝም ያው ነው። ዝሆን በመግደል ስሙ የገነነው ስኮትላንዳዊው ካራሞጆ ቤል፣ በጋምቤላ በጊሎ ወንዝ ረግረግ ሳይቀር ያደነ ሰው፣ ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን የጣለው በአብዛኛው በሰባት ሚሊሜትር ማውዘር ጥይት ነው፤ ለወታደር ተብሎ በተሠራ ጥይት። የጦርና የአደን ጠመንጃ ዝምድና የኋላ ሰዎች ፈጠራ አይደለም።

ከአድዋ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የመሣሪያ ውል ግዢውን በመንግሥት እጅ አደረገው። ቤልጅጎች ባሠለጠኑት ክቡር ዘበኛ ትከሻ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት የታተመበት አዲስ ማውዘር ታየ። በወረራው ሰሞን ጀርመን ራሷ በምስጢር ማውዘር ላከች፤ ሂትለር በዚያ ሰዓት ከሙሶሊኒ ጋር በኦስትሪያ ጉዳይ ተኳርፎ ነበርና። አምስቱ ዓመት ካርካኖን በገፍ አመጣ፤ አርበኛው ከወደቀው ወታደር እጅ ወሰደው። እንግሊዞች ሊ ኤንፊልድ ይዘው ገቡ። ከ1945 ዓ.ም. የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ወዲህ አሜሪካ ኤም-1 ሰጠች፤ ቃኘው ሻለቃም ኮሪያ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ፊቱን ወደ ሶቭየት ሲያዞር ይህ ሁሉ ባንዴ አሮጌ ሆነ። ክላሽንኮቭ ሲመጣ ግምጃ ቤት የገባው ገባ፣ ገበሬው ጎጆ የቀረው ቀረ።

አሁን ወደ ገዢው ወገን እንሻገር፤ የአሜሪካ ገበያም የራሱ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት የተረፋቸውን ጠመንጃ በቶን ሲያወጡት ዋናው ገዢ አሜሪካዊው አዳኝ ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. ኢንተርአርምኮን ያቋቋመው ሳሙኤል ከሚንግስ ከዚህ ንግድ ትልቅ ሀብት አካበተ። ገዢው የወታደር ጠመንጃውን ለአጋዘን አደን ያስተካክለዋል፤ ረጅሙን የፊት እንጨት ይቆርጣል፣ የሳንጃ መሰኪያውን ይፍቃል፣ ብረቱን ቦርቡሮ መነጽር ይገጥማል። ለፋብሪካ የአደን ጠመንጃ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ሠራተኛ ቤተሰቡን ሥጋ ያበላው በዚህ ነው። የዚያ ዘመን ሰው ያበላሸው የመሰለው ነገር አልነበረም፤ መሣሪያው በየበርሜሉ ተሰክቶ የሚሸጥ ርካሽ ዕቃ ነበር። ዛሬ የልጅ ልጁ ያንኑ ጠመንጃ ይዞ የተቆረጠውን እንጨት የሚመልስለት ፍለጋ ይባክናል፤ እንጨቱ ብቻውን አያቱ ለጠመንጃው ከከፈለው ብዙ እጥፍ ያስወጣዋል።

ይህን ልቅ ንግድ የዘጋው ካርካኖ ነው። ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ በ1963 እ.ኤ.አ. ኬኔዲን የገደለበት ካርካኖ ቺካጎ ካለ የስፖርት ዕቃ መደብር በፖስታ የታዘዘ ነበር፤ ከነመነጽሩ 19.95 ዶላር፣ ከነማጓጓዣው 21.45። ኢትዮጵያን ለመያዝ የዘመተው ጦር የታጠቀው ጠመንጃ የአሜሪካን የመሣሪያ ሕግ ለወጠ ማለት ነው። የ1968 እ.ኤ.አ. ሕግ በፖስታ መግዛትን ከለከለ፤ ከውጭ ጦር የተረፈ መሣሪያ እንዳይገባም በሩን ዘጋ። በ1984 እ.ኤ.አ. ሕጉ ላላና ሃምሳ ዓመት የሞላው የሰብሳቢ ዕቃ እየተፈቀደ እንዲገባ ሆነ። በ1898 እ.ኤ.አ. እና ከዚያ በፊት የተሠራው ደግሞ በፌዴራል ሕግ ዓይን ከናካቴው እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ በክልሎቹ ሕግ ካልተከለከለ በቀር ያለ ፈቃድ ይገዛል፣ ቤት ድረስም ይላካል። አድዋ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው። የአድዋ ዘመን ጠመንጃ በሙሉ ከዚያ መስመር ወዲያ ይወድቃል።

በሌላ በኩል የድሮ ምንጮች እየነጠፉ ነበር። የሩሲያው ሞሲን ናጋንት በፈረንጆቹ 2000ዎቹ ከመቶ ዶላር በታች ይገኝ የነበረ ዕቃ ነው፤ በሩሲያ ላይ የሚጣለው ማዕቀብ ሲከማች፣ ክምችቱም ሲያልቅ ዋጋው ብዙ እጥፍ ወጣ። ምሥራቅ አውሮፓ ያለው አልቋል። ኢትዮጵያ ብቅ ያለችው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሰብሳቢ እምብዛም ያልነካው ግምጃ ቤት ይዛ። የገዢውን ጉጉት ያናረው ይኸው ነው።

ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ነገር ያየች አገር ኔፓል ናት። በ2003 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች ካትማንዱ ውስጥ ላጋን ሲሌካና በተባለ አሮጌ ቤተ መንግሥት የተከማቸውን ከሃምሳ ሺህ የሚበልጥ ጠመንጃ ከመንግሥት ገዝተው አወጡ። ብዙው የእንግሊዝ ማርቲኒ ሄንሪና ከዚያም የቆየ ነበር። ከመካከሉ ግን ጋሄንድራ የሚባል፣ ኔፓላውያን ራሳቸው የሠሩት ጠመንጃ ተገኘ። ከዚያ በፊት የውጭው ዓለም በጣት የሚቆጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። በሺህ ሲወጣ ስለ ኔፓል የጦር መሣሪያ ሥራ ብዙ ተጻፈ፤ እንዴት እንደተሠራ፣ ለምን ሁለት ጠመንጃ እንደማይመሳሰል፣ ለምን መተኮሱ አደገኛ እንደሆነ። ስለዚህ ሽያጭ ሁልጊዜ ዕውቀት ያጠፋል ማለት አይቻልም። የኔፓሉ ዕውቀት ግን የተጻፈው በሻጩ አገር ሳይሆን በገዢው አገር፣ ለገዢው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። ገዢው የሚጠይቀው ስለ አሠራሩ ነው። ማን ተሸከመው፣ ማን ጠገነው የሚለው ጥያቄ ኔፓላዊ ጠያቂ ይፈልግ ነበር።

የእኛም መንገድ ወደዚያው እያመራ ይመስለኛል። ስለነዚህ ጠመንጃዎች ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የሚገኘው መረጃ አብላጫው ከአሜሪካ ሰብሳቢዎች የመጣ ነው። ቁጥር ይመዘግባሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ማኅተም ያነጻጽራሉ፤ ለዚህ ትጋታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ማንበብ ግን አይችሉም። አሜሪካ ውስጥ ስንት አማርኛ አንባቢ አለ፤ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ በአትላንታና በዳላስ። አንድ ስም፣ አንድ የግዕዝ ቁጥር፣ አንድ የአገር ስም ማንበብ ለእነርሱ ምንም አይደለም፤ ለሰብሳቢው ግን በሩን ሁሉ ይከፍትለታል። እስካሁን ሁለቱ ወገኖች ብዙም አልተገናኙም። ጠመንጃ ሲነሳ የእኛ ሰው በውጭ አገር ይሸሻል፤ ምክንያቱም ይገባኛል፣ ለብዙዎቻችን ጠመንጃ ከአገር ያስወጣን ነገር ነው።

ገዢው ጠመንጃውን ተቀብሎ የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ማጽዳት ነው። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዝገት ብረት ይበላል፣ የደረቀ እንጨት ዘይት ይፈልጋል፣ መተኮስ የፈለገም አፈሙዙን መፈተሽ አለበት። ውጅግራን ወይም ቬተርሊን መተኮስ ሙያ ነው። ጥይቱ በየሱቁ የሚሸጥ ስላልሆነ ተኳሹ ከሌላ ቀለህ ቀርጾ፣ ጥቁር ባሩድ መዝኖ ራሱ ይሞላዋል። ካርካኖ «አይመታም» የሚባልበትም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው፤ የአፈሙዙ ውስጥ ከሌሎቹ ባለ 6.5 ጠመንጃዎች ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ በዛሬው ፋብሪካ መደበኛ እርሳስ ሲጎረስ እርሳሱ ጥምዙን ሳይዝ ይወጣል። ልኩን ያገኘ ሰው በዚያው ካርካኖ አጋዘን ይጥላል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተኳሽ አፈሙዙን በጥንቃቄ ቢጠርግ የሚጎዳ ታሪክ የለም።

የሚጎዳው ሌላው ጽዳት ነው። ቆርቆሮው «አስቀያሚ» ተብሎ ሲነቀል፣ ቆዳው ተቀዶ ሲጣል፣ ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ፣ የጠመንጃው ኢትዮጵያዊ ዕድሜ ባንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። በምትኩ የሚገኘው መናኛ ቬተርሊ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ቬተርሊ በጣሊያን ሞልቷል። እዚህ ላይ ሰብሳቢው በራሱም ሚዛን ኪሳራ ውስጥ ነው። የአያቱን ዘመን አዳኝ «ቆርጦ አበላሸው» እያለ የሚወቅስ ሰው፣ የጎንደርን ወይም የወሎን ቀጥቃጭ ሥራ ፍቆ ሲጥል ያንኑ እየሠራ ነው። አንዳንዶች ይህ ገብቷቸው እንደመጣ አስቀምጠውታል። ቁጥራቸው ሲበዛ ገበያውም ዋጋ ማውጣት ይለምዳል፤ በአሜሪካ ሕንዶች እጅ የቆየና የናስ ምስማር የተመታበት ጠመንጃ ዛሬ ከንጹሑ አቻው በላይ የሚሸጠው እንዲህ ባለ የአመለካከት ለውጥ ነው።

በእኛ በኩል ያለው ሕግ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያያሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ጠመንጃን የሚያየው በጸጥታ ዓይን ነው፤ ማን ይያዝ፣ እንዴት ይመዝገብ፣ እንዴት ይወገድ። በሁለተኛው ዓይን ሲታይ ያረጀ ውጅግራ የሚወገድ ብረት ነው፤ ያውም አቅልጦ ከማጥፋት የውጭ ምንዛሪ ቢያመጣ ይመረጣል። እኔ በዚህ አልከራከርም። አንድ አገር አንድ ዓይነት ቬተርሊ በሺህ ቆጥሮ የሚያስቀምጥበት ምክንያት የለውም። ከመሸጡ በፊት ግን እያንዳንዱ ከየትኛው ግምጃ ቤት፣ ከየትኛው ክፍለ ሀገር፣ ከየትኛው ርክክብ እንደመጣ ተጽፎ፣ ምልክት ያለው ተለይቶ ፎቶ ቢነሳ፣ ሽያጩ የሚያጓድለው ብዙ አይኖርም ነበር። አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው የተገኙ አሥር ጠመንጃዎች አብረው መገኘታቸው ራሱ መረጃ ነው፤ ለአሥር ሰው ሲበተኑ ያ መረጃ የትም አይገኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚወስነው አንድ ትንሽ የአሠራር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ደንብ አስመጪው በሚያስገባው መሣሪያ ላይ የራሱን ስምና ከተማ፣ መሣሪያው የተሠራበትንም አገር እንዲያትም ያስገድዳል። ሰብሳቢዎች ይህን ማኅተም አይወዱትም፤ ዋጋ ይቀንሳልና። ደንቡ የሚጠይቀው ግን የተሠራበትን አገር እንጂ የመጣበትን አይደለም። ስለዚህ በካርካኖው ላይ ጣሊያን፣ በማውዘሩ ላይ ቤልጅግ የሚል ይታተማል፤ ኢትዮጵያ የሚል ደንቡ አያስጽፍም። ከ1899 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራው ቬተርሊና ውጅግራ ደግሞ ጭራሽ ማኅተም አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ገዢ ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ደረሰኝ አለው። እርሱ ለጎረቤቱ ሲሸጠው፣ የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ በጨረታ ሲያወጣው ደረሰኙ አብሮ መሄዱን የሚያረጋግጥ የለም። ያኔ ሰደፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ ከተነቀለ፣ ጠመንጃው አንድ ቀን እንኳ ኢትዮጵያ ውስጥ እንደነበረ የሚመሰክር አንድም ነገር አይቀርበትም።